ልጄን በሠላሳኛው ቀን ከቤቴ ስለማስወጣት

ለክቡር የዜግነትና የሰነዶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት ወንበር

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? ባለፈው ዓመት ለቢሮው ግድግዳ የሚሆን ፎቶ ሊነሱ እኔ ዘንድ ብቅ ባሉ ጊዜ፣ ከበርጩማው ሲነሱ እጅዎን ወገብዎ ላይ ጣል ሲያደርጉ አይቼ ነበር፤ ያን ዕለት ይሉኝታ ይዞኝ አልጠየቅሁም እንጂ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። የመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም የእነዚያ የሁለቱ ቆነጃጅት ሴት ልጆችዎ ጤና የተሟላ እንዲሆን ምኞቴ ነው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ሰው ሁሉ በደብዳቤ ላይ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጽፋል፤ እኔም እንደ ወጉ እንዲያው ልጽፍ ብዬ ናፍቆቱን ወደ ጎን አድርጌ የቀረውን ብፈልግ ምንም አጣሁ። ስለዚህ ደህና ነኝ ብቻ ልበልዎ።

ማን ናት ይህቺ ካሉ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ባለ አንድ በሯ ፎቶ ቤት ውስጥ ያለሁት ሴት ነኝ። በደረጃው ራስ ላይ የተሰቀለውን የክቡርነትዎን ምስል ያነሣሁት፣ ከዓይንዎ ሥር የነበረውንም የድካም ጥላ ቀስ ብዬ ያነሣሁልዎ እኔ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ አጻጻፌ ቢወላገድ ይቅር ይበሉኝ።

ለመጻፍ የተነሣሁት በራሴ ድፍረት አይደለም። በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የዜግነት ሕጉ ሊሻሻል ስለታሰበ ማንኛውም ዜጋ አስተያየቱን እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ጽፎ ከበሩ አጠገብ ባለው ሣጥን እንዲያስገባ የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ሣጥኑንም ሄጄ አየሁት። አፉ ጠባብ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ዝጎ ከእንግዲህ የሚከፈት አይመስልም። የእኔ ነገር በዚያ አፍ የሚገባ ስላልሆነ በጋዜጣ በኩል መምጣቱን መረጥኩ። ለአቤቱታም አልመጣሁም፤ ውለታ የቆጠረ ሰው ማመስገን አለበት ብዬ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ልጄ የፎቶ አልበም አመሰግናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ ለሥራ ወደ ጎረቤት አገር ሄጄ፣ እዚያው ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጋር ተጋብተን አንዲት ሴት ልጅ ወለድን። ደግ ሰው ነበር፤ ልጃችን ሁለት ዓመት ሲሆናት ታሞ ሞተብኝ። ዓመቱ ዞሮ ሳይመጣ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ኬላው ላይ የነበረው ሰው የእኔን ወረቀት አገላብጦ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» አለኝ። ወዲያው ጀርባዬን አየና «ይህቺስ የማን ናት?» አለ። «የእኔ ናታ!» አልኩት። «እሱንማ አያለሁ፤ አባቷን ነው የምጠይቅሽ» አለኝ። በእኛ ሕግ ከአገር ውጭ የተወለደ ልጅ አገሩን የሚያገኘው ከአባቱ እንደሆነ፣ ከእናቱ የሚደርሰው ወተቱ ብቻ እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ። ልጄም እንደ አባቷ የውጭ ዜጋ ተባለች፤ «ጥገኛ» የሚል የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጣትና በየስድስት ወሩ እንድናሳድስ ታዘዝን። ለማሳደሻ ከስድስት ወር ያልበለጠ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ጀርባው ነጭ፣ ጆሮ የሚታይ፣ ፈገግታ የሌለበት፣ ሌላ ሰው የማይታይበት።

ያን ጊዜ ፎቶ ቤቱ የአጎቴ ነበር፤ እኔ ገና ረዳቱ ነኝ። ልጄ የሦስት ዓመት ሕፃን ናት፤ ከጭኔ ላወርዳት ስል ጩኸቷ ሰፈሩን ያነቃንቃል። በርጩማው ላይ ብቻዋን አልቀመጥ አለች። አጎቴ ዘዴኛ ሰው ነበርና «በይ፣ አንቺ ግድግዳ ሁኚ» አለኝ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፣ ነጩን አንሶላ ከራሴ እስከ እግሬ አለበሰኝ፣ ልጄን ከአንሶላው በላይ ጭኔ ላይ አስቀመጣት፤ እኔም በጨርቁ ውስጥ ሆኜ ወገቧን ያዝኳት። ድምፄን ስትሰማ ዝም አለች። ፎቶው ተነሣ።

ፎቶውን ይዤ ሰባተኛው መስኮት ጋ ሄድኩ። እዚያ የሚቀመጠውን ሠራተኛዎን ያውቁታል፤ አለቃ ካልወደደው ለመደምሰስ እንዲመቸው ሁሉን ነገር አስቀድሞ በእርሳስ የሚጽፈው፣ ሰፈሩ ሁሉ ባለ እርሳሱ የሚለው። በማጉያ መነጽር አየው፣ አዞረው፣ እንደገና አየውና «እትዬ፣ ይህቺ ልጅ ጣት ያለው ግድግዳ ነው እንዴ የተደገፈችው?» አለኝ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ጀርባውም ተሸብሽቧል ተባልኩ። ለካ ስተነፍስ ነው። ተመልሼ ጣቶቼን አጥፌ፣ ትንፋሼን ውጬ እንደገና ተነሣን፤ ያኛው አለፈ። ከልጄ ኋላ ያለው ያ ነጭ ግድግዳ እኔ መሆኔን ዛሬም መዝገብ ቤትዎ አያውቅም።

ከሦስት ዓመቷ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ በየስድስት ወሩ፣ በጠቅላላው ሠላሳ ፎቶ። አንድ አንድ ቅጂ ለራሴ እያስቀረሁ አልበም ሠራሁ። ሌላው ሰው ልጁ ስትስቅ፣ ስትሮጥ፣ በጭቃ ስትለወስ ያነሣታል፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ሳነሣ ውዬ የራሴን ሳነሣ የማስታውሰው እናንተ ስታስታውሱኝ ብቻ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው። የፊት ጥርሶቿ የወለቁበት ዓመት በአልበሙ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በትእዛዝዎ መሠረት አፏን ገጥማለች። ፈገግታዋ አንድም ቦታ የለኝም። ጆሮዋ ግን ሠላሳ ጊዜ አለኝ፤ ለዚህም ቢሆን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ለወንድሜ ልጅ ስላደረጋችሁለት መልካም አቀባበል።

ታናሽ ወንድሜና እኔ ከአንድ ማኅፀን ወጥተን፣ አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆነን ያደግን ነን። እሱም እንደ እኔው ባዕድ አገር ሄደ፤ እንደ እኔው ከባዕድ ወለደ። ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ለእረፍት አመጣው። ደስ የሚል ልጅ ነው፤ ነገር ግን ከቋንቋችን አንዲት ቃል አያውቅም፤ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ እንኳ የሚጠይቀው በእጁ ምልክት ነበር። ወንድሜ እግረ መንገዱን የዜግነት ወረቀት ላውጣለት አለ። በሦስተኛው ቀን አወጣለት። ፎቶውን ያነሣሁት እኔው ነኝ። ቅጹን የሞላችለት ደግሞ ልጄ ናት፤ እሱ ፊደላችንን ስለማያውቅ እያንዳንዱን ጥያቄ በምልክትም በሥዕልም እያስረዳች በራሷ እጅ ጻፈችለት። ባለ እርሳሱ ቅጹን ሲቀበል «ይሄ የማን ጽሑፍ ነው? እንዴት ያምራል!» አለ። ልጄም በመስኮቱ ቀዳዳ አጎንብሳ «የእኔ ነው ጋሼ፤ የውጭ አገር ሰው ጽሑፍ ነው» አለችው። እሱ እንኳ፣ እግዜር ይስጠው፣ አቀረቀረ። እኔ ወንድሜን አልተመቀኘሁም፤ የእሱ ልጅ የእኔም ልጅ ነው። ብቻ ወደ ማዶ ስንሻገር ልጄ እጄን ይዛ «እማ፣ እሱ መቼ ነው የሚመለሰው?» ስትለኝ «ወደ አገሩ ነው?» ልላት አፌን ከፍቼ፣ የማንን አገር እንደማወራ ጠፋኝ።

ሦስተኛ፣ ስለተለገሰኝ ምክር።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት፣ የጥገኝነት ፈቃዱ በአሥራ ስምንት ዓመት እንደሚያበቃ ተነገረኝ። እንግዲህ በነዋሪነቷ ዜግነት ትጠይቅ ብል፣ በጥገኝነት የኖረችበት ዓመት እንደ ኑሮ አይቆጠርም ተባልኩ። አሥራ አራት ዓመት ምን ስናደርግ እንደቆየን አላውቅም እንግዲህ። መስኮቱ ሥር ቆሜ ሳለቅስ ባለ እርሳሱ አላስችል ብሎት ጠጋ አለና «እትዬ፣ ምን ያንሰፈስፍዎታል? ወንድምዎ ልጄ ናት ብሎ በስሙ ያስመዝግባትና ይገላገሉ። እርስዎ አክስት ይሆናሉ። አክስትም እኮ እናት ናት» አለኝ። ከደግነቱ ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ወንድሜም ብጠይቀው እሺ ብሎ የፈቃድ ወረቀት ፈርሞ ላከልኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ለልጄ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ጨዋታ አደረገችው፤ «አክስቴ፣ ጨው አቀብዪኝ»፣ «አክስቴ፣ ደግሞ ዛሬ ምነው ወጡ ቀጠነ?» ትለኛለች፤ እኔም «አንቺ የወንድም ልጅ፣ እንግድነት አታውቂም?» እላታለሁ፤ እስኪያመን ድረስ ሳቅን። ሳህኑን ልታጥብ ተነሣች። ብርጭቆ እጇ ላይ ተሰበረና ጣቷን ቆረጣት። «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ሄድኩ። ጣቷን በጨርቅ ሳስርላት ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ «አየሽ እማ፣ ሰው ሲቆረጥ አክስቴ አይልም» አለችኝ። የወንድሜን ወረቀት ከጠረጴዛው አንሥታ አጥፋ ኪሴ ከተተችው። የመሥሪያ ቤትዎን ምክር ያልተቀበልነው ስለናቅነው እንዳልሆነ ክቡርነትዎ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ምስጋናችሁ ነው፤ ይህ ትንሽ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ልቀጥል።

ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አባቷ አገር፣ ወደ አባቷ እኅት ዘንድ ሄደች። ሴትዮዋ መልካም ሰው ናት። ልጄ የዚያን አገር ቋንቋ በአሥራ ስምንት ዓመቷ እንደ ሕፃን ጀምራ ተማረች፤ አሁን ዳቦ ቤት ትሠራለች። እኔን ማየት ስትፈልግ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ለሠላሳ ቀን ትገባለች። እንግዳ ሲገባ ደግሞ ጋባዥ ያስፈልገዋል፤ ጋባዧ እኔ ነኝ። ጋባዥ የምትፈርመው የዋስትና ቅጽ አለ። ሠርተው ያጸደቁት እርስዎ ስለሆኑ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ቢሆንም እኔ በቃሌ ስለያዝኩት ልድገመው፦ «እንግዳዬ በተፈቀደላት ሠላሳ ቀን ውስጥ ከአገር እንድትወጣ አደርጋለሁ። ይህን ባልፈጽም ዳግመኛ እንግዳ የመጋበዝ መብት አይኖረኝም።» ከሥሩ «ከእንግዳዋ ጋር ያለዎት ግንኙነት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። «እናት» ብዬ ጻፍኩ። እናት ሆኜ፣ ልጄን ከቤቴ ላስወጣ ፈረምኩ።

ሁለት ጊዜ መጥታ በሰላም ተመለሰች። ሦስተኛው ጊዜ ግን በሃያ ዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። በሠላሳኛው ቀን ማለዳ ግንባሯ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሮጬ «ሁለት ቀን ብቻ» ብዬ ብለምን፣ ማራዘሚያ የሚጠየቀው ቀኑ ከማለቁ ከአሥር ቀን በፊት ነው ተባልኩ። ትኩሳቱ አሥር ቀን አስቀድሞ ማመልከት ነበረበት እንግዲህ። ቤት ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አሰብኩ። ዋስትናዬን ባፈርስ ዳግመኛ አትመጣም። ባላፈርስ ዛሬ፣ እንዲህ እንዳለች፣ ትሄዳለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ዕለት ወረቀቱም እናንተ ጋ ነበር፣ ሞኟም እኔ ነበርኩ። ሹራቧን በላይዋ ላይ አለበስኳት፤ ጫማዋን እኔው አሰርኩላት፤ ደግፌ አውቶቡስ ተራ አደረስኳት። አባቷ ይነዳው እንደነበረው ባለ አውቶቡስ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። በመስኮቱ በኩል «ምንም አይደል እማ፣ ሂጂ» አለችኝ። ሰው እንዴት ከቆመ አውቶቡስ አጠገብ «ሂጂ» ይባላል? የምትሄደው እሷ።

በሦስተኛው ሳምንት ከመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ማኅተም አለው። «የጋበዟት እንግዳ በተወሰነው ጊዜ ከአገር የወጣች በመሆኑ፣ ግዴታዎን በአግባቡ ስለተወጡ እናመሰግናለን» ይላል። እኔ በሕይወቴ በማኅተም ተመስግኜ አላውቅም፤ ክፈፍ አበጅቼ፣ መስታወት አልብሼ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ሁሉ በሚያይበት ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አንዳንዱ «ሽልማት ነው?» ይለኛል። አዎ እላለሁ።

ልጄ ተሻላት፤ ክፉ አልነካትም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ፣ አልመጣችም። አልተቆጣችም፤ በየእሑዱ ስልክ ትደውላለች፤ ዳቦ ቤቱ ስላመጣው አዲስ ምድጃ፣ ስለ አክስቷ ጉልበት ታወራኛለች። «መቼ ትመጪያለሽ?» ስላት ግን ወሬ ትቀይራለች። ባለፈው እሑድ ጠንከር ብዬ ስጠይቃት «እማ፣ በአንቺ እጅ መውጣቱን አልደግመውም። አንቺንም አላስደግምሽም። እዚያ ቤት የምገባው እንደ ልጅ ከሆነ እመጣለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ኑሮዬ እንዲህ ነው። ጠዋት ሁለት ዳቦ እገዛለሁ፤ አንዱ ይደርቃል፤ በማግስቱም ሁለት እገዛለሁ። የእሷን የጥርስ ብሩሽ አላነሣሁም። ቀኑን ሙሉ «አገጭሽን ቀና፣ የኔ ልጅ»፣ «ትከሻህን ልቀቅ፣ የኔ ልጅ» ስል እውላለሁ፤ የኔ ልጅ የምላቸው ሁሉ ጉርዳቸውን ይዘው ወደ እርስዎ ይሻገራሉ፤ ወረቀታቸውን ይዘው እየሳቁ ይወጣሉ። የሚስቁት ከእናንተ በር ሲወጡ ነው፤ እኔ ዘንድ እንዳይስቁ የምከለክላቸው እኔው ነኝ። ማታ ማታ በሩን ስዘጋ ካሜራውን «ደህና እደር» እለዋለሁ። ከእሱ የተሻለ የሚያየኝ የለማ።

አምስተኛውን ምስጋና ለወደፊቱ አስቀምጫለሁ፤ እንዲጻፍ የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት። ሕጉ ላይ «ከአባቱ» በሚለው ጎን «ወይም ከእናቱ» የሚል እንዲገባ ነው የምለው። ሁለት ቃል ነው፤ ለማተሚያ ቤቱም አይከብደውም። አለቃ ምን ይለኛል የሚል ስጋት ካለ ባለ እርሳሱ በእርሳስ ይጻፈው፤ እኔ ተሻግሬ በእስክሪብቶ እደግምበታለሁ።

ስለ ሴት ልጆችዎም አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ታላቂቱ ለትምህርት ውጭ አገር ልትሄድ ፎቶ ስትነሣ ኮሌታዋን ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ እንደ እርስዎ ጆሮዋ ትንሽ ወጣ ይላል። እንደ እናት ልምከርዎ፤ እዚያ ሰው እንዳትወድ ይንገሯት። ከወደደችም አትውለድ። ከወለደችም፣ ወልዶ መሳም ሁልጊዜ አብሮ እንደማይመጣ አስቀድመው ያስረዷት። ምናልባት የልጅ ልጅዎን ለሠላሳ ቀን ለማየት ዋስ መሆን ቢያስፈልግዎ፣ ቅጹ እንዴት እንደሚሞላ እኔ አለሁ፤ ይሻገሩ፣ አብረን እንሞላዋለን። በሠላሳኛው ቀን ጫማዋን ማሠር ደግሞ ለወገብዎ ስለሚከብድ አስቀድመው ይለማመዱ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ ውለታዎ አይረሳኝም። ዕድሜና ጤና፣ ሰፊ ወንበርና ቀና ወገብ ይስጥልኝ እያልኩ፣ ከመንገዱ ማዶ እጅ እነሣለሁ።

የአንዲት የውጭ አገር ሰው እናት፣
ግዴታዋን በአግባቡ ተወጥታ የተመሰገነች፣
የፎቶ ቤቷ ሴት

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ነገር አባሪ አድርጌያለሁ። አንደኛው ለሚቀጥለው ጉብኝት የሚፈረመው የዋስትና ቅጽ ነው፤ ከእንግዲህ ስለማልፈርመው ባዶውን መልሻለሁ፤ ለሌላ እናት ይሁንላችሁ። ሁለተኛው ከስድስት ወር ያልበለጠ ጉርድ ፎቶ ነው። ጀርባው ነጭ ነው፤ ፈገግታ የለበትም፤ ሌላ ሰው አይታይበትም። ባለ እርሳሱ «ይሄማ ባዶ አንሶላ ነው፣ ሰው የለበትም» ብሎ እንዳይመልሰው አደራ። ማጉያውን አውጥቶ በደንብ ይየው። አንሶላው ትንሽ ተሸብሽቧል፤ እየተነፈስኩ ነው። ከፊት ለፊቱም ወገብ እንደያዘ ሰው የተዘረጉ ጣቶች አሉ።